ለቅዳሜ የተቀጠረ መርዶ

«እግዜር ያጥናሽ የኔ ልጅ» አሉ ጋሽ ይገዙ፣ የፌበንን ቀኝ እጅ በሁለት እጃቸው ጥብቅ አድርገው ይዘው። «ጋሽ ሕሩይ መልካም ሰው እንደነበሩ እናትሽ አውርታ አትጠግብም። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።»

ማክሰኞ ከሰዓት ነው፣ ስቶክሆልም ዳርቻ፣ ቬሊንግቢ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ። ፌበን በግራ እጇ አዲስ ኮምፓስና ማስመሪያ የያዘች ትንሽ ከረጢት አንጠልጥላለች። ጋሽ ይገዙን የምታውቃቸው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ድሮ በስደት መጥተው አሁን ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ቅዳሴ ሲያልቅ ወንበር ይደረድራሉ፣ የሚንጫጩ ልጆችን ደግሞ በዓይናቸው ብቻ ጸጥ ያደርጋሉ። እሷን ባዩ ቁጥር «ትምህርት እንዴት ነው?» ብለው ያልፋሉ እንጂ እጇን ይዘው አያውቁም።

ሕሩይ የአያቷ ስም ነው፤ እሷ «አባባ» ነው የምትለው።

«ማን?» አለች።

ጋሽ ይገዙ ፊቷን አዩት። እጇን ለቀቁ። ኮፍያቸውን አወለቁና መልሰው አደረጉት። ነገር ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እሳቸውም ቃላቸው አፋፉን ተሻግሮ ሲሄድ ቆመው ከማየት በቀር የሚያደርጉት አልነበራቸውም።

«አልሰማሽም እንዴ?» አሉ በቀስታ።

«አባባ ሞተ?»

አውቶቡሱ መጣ። መቶ ሰባ ዘጠኝ ቁጥር ነው፣ ወደ ስፖንጋ፣ ወደ ቤቷ የሚወስዳት። በሩ ተከፈተ፤ ሹፌሩ ትንሽ ጠበቃትና ዘግቶ ሄደ። ፌበን ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«ባለፈው ሐሙስ ነው» አሉ ጋሽ ይገዙ። «ታመውም አልተኙም። ምሳ በልተው ጋደም እንዳሉ ነው አሉ። አርብ ተቀበሩ።»

ሐሙስ ምን ታደርግ እንደነበር አስታወሰች። ከጓደኞቿ ጋር ትምህርት ቤቱ ጓሮ ቪዲዮ ሲቀርጹ ነበር። ሆዷን እስኪያማት ስቃለች። አርብም ስቃለች፣ ቅዳሜም። አምስት ቀን ሙሉ አያት እንዳለው ሰው ኖራለች።

«እማ ታውቃለች?»

«አርብ በጠዋት የማኅበራችን ወይዘሮ ሸዋሉል ቤት ጠርተን ነገርናት። ለቅሶውም እዚያው ነው፣ አሁንም ከዚያ ነው የመጣሁት። ሥራ እሄዳለሁ እያለችሽ እዚያ ነው የምትውለው።» አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «ያንቺን ግን ለቅዳሜ ጠዋት ቀጠርነው። አርብ የሒሳብ ፈተና አለሽ፣ ትልቁ፣ አገር አቀፉ። እሱ እስኪያልፍ ነው። መጥተን የምንነግርሽ እኔና ወይዘሮ ሸዋሉል ነን። ተናጋሪው ደግሞ እኔ። ቀኑን ሙሉ ስላንቺ ስናወራ ውለን፣ ድንገት ሳይሽ አፌ ቀደመኝ።»

«ለምን ትደብቁኛላችሁ? ሕፃን ነኝ?» ፌበን ድምፅዋ ከፍ ሲል ተሰማት፤ ዝቅ ልታደርገው አልፈለገችም።

«ሕፃንማ አይደለሽም። እናትሽ ማትሪክ ልትፈተን ሁለት ቀን ሲቀራት ነው እናቷ ያረፉት። ጋሽ ሕሩይ እውነት አይደበቅም ብለው ነገሯት። ፈተናው ላይ ተቀምጣ ስሟን እንኳ መጻፍ አቃታት። ‹አባቴ ሁለት ቀን ብቻ ቢያቆየኝ ኖሮ› ትላለች እስከ ዛሬ። ላንቺ ያ እንዳይደርስ ነው።» ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ጥፋቱ የኔ ነው። አሁኑኑ ደውዬ ልንገራት።»

ፌበን የስልኩን መስታወት በመዳፏ ሸፈነችው።

«ተዉት» አለች። «ምንም አልነገሩኝም። ኦኬ?»

ጋሽ ይገዙ ቀና ብለው አዩዋትና ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱት። ከደቂቃዎች በኋላ ሌላ መቶ ሰባ ዘጠኝ መጣና ተሳፈረች።

አባባ ሕሩይ ሠላሳ ዓመት የአንበሳ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበር። እናቷ ልደታ ወደ ስዊድን ስትመጣ ፌበን ገና ሦስት ዓመቷ ስለነበር፣ የራሷ ወረቀት ተሳክቶ እስክትመጣ ድረስ ስድስት ዓመት ያሳደጋት እሱ ነው። ፀጉሯን ጎንጉኖ ያውቃል፤ እርግጥ ጉንጉኑ እስከ ምሳ ሰዓት አይቆይም። ትምህርት ቤት «ወላጅ» በሚለው ቦታ ላይ የሚፈርመው እሱ ነበር። ቦሌ ሲሸኛት ሌላው ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሱ ብቻ ጎንበስ ብሎ «እዚያ ስትደርሺ የተሳፈርሽበት አውቶቡስ ስንት ቁጥር እንደሆነ ትነግሪኛለሽ» አላት።

ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ስልክ ይደወላል፣ ጥያቄውም አንድ ነው፤ «ዛሬ ስንት ቁጥር ሄድሽ?» ይላል። «መቶ ሰባ ዘጠኝ» ስትለው «ወይ ጉድ፣ መቶ ሰባ ዘጠኝ አውቶቡስ! ሰዉ ሥራ የለውም እንዴ፣ መሳፈር ብቻ?» ብሎ ይስቃል። ስድስት ዓመት ሙሉ የሳቀው በዚያችው ቀልድ ነው።

ባለፈው እሁድ ግን ስልኩ አልተደወለም። እናቷ «ኔትወርኩ እምቢ አለ» አለቻት። ፌበን ምን አለች? «እሺ» ብላ ደስ ብሏት ወጣች፤ ጓደኞቿ ባቡር ጣቢያ ቆመው እየጠበቋት ነበር። አሁን አውቶቡሱ መስኮት ላይ ግንባሯን አስደግፋ ያንን «እሺ» ደጋግማ ሰማችው። መልሳ ልትውጠው ብትችል ትወድ ነበር።

ቤት ስትገባ እናቷ ቀዩን ሹራብ ለብሳ ወጥ ቤት ቆማለች። ልደታ ቀይ ልብስ አትወድም፤ ሹራቡ ከሁለት ዓመት በፊት በስጦታ የመጣ ነው፣ የዋጋ ወረቀቱ እንኳ የተቆረጠው በዚህ ሳምንት ነው። ዓይኗ አብጧል።

«ፖለን ነው» አለች ልደታ፣ ሳትጠየቅ። «ዘንድሮ ፖለኑ አይጣል ነው። እዚህ አገር ዛፉም በሽታ ይሸከማል።»

ግንቦት ነው፣ በርች የሚባለው ዛፍ ይህን ፖለን የሚሉትን ብናኝ ከተማው ላይ የሚነሰንስበት ጊዜ፤ ግማሹ ስቶክሆልም እያስነጠሰ ነው። ውሸቷን የምትሰውርበት ወቅት አላጣችም። ፌበን መታጠቢያ ቤት ገብታ መደርደሪያውን ከፈተች። ከመድኃኒት ቤት የተገዛ የአለርጂ ኪኒን አለ፣ እናቷ አርብ ዕለት ይዛው የገባችው። እሽጉ አልተከፈተም።

እሽጉን በእጇ እያገላበጠች ለማልቀስ ሞከረች። አልመጣላትም። የተናደደች ብቻ መሰላት፤ በእናቷም፣ በጋሽ ይገዙም፣ አምስት ቀን ሙሉ ሳትጠረጥር በሳቀችው በራሷም።

ረቡዕ ራት ላይ ሒሳቡን እያጠናች እንደሆነ ለመምሰል መጽሐፉን ሳህኗ አጠገብ ከፍታ አስቀመጠች። አንድ ገጽ ላይ ሃያ ደቂቃ ቆየች። ከዚያ የማይባለውን አለች።

«እማ፣ ለአባባ እንደውልለት?»

ክፋት እንደሆነ ታውቀዋለች። ጥርሷ የሚነቃነቅ ልጅ ያመኛል እያለች በምላሷ እንደምትነካካው ነው፤ ማቆም አልቻለችም።

ልደታ እንጀራውን ቆርሳ ወጡ ላይ አሳረፈችው፤ ግን አላጎረሰችም፣ አልጎረሰችምም። «ጠዋት ደወልኩለት እኮ» አለች። «አንቺ ትምህርት ቤት ነበርሽ።»

«ምን አለ?»

«ምን ይላል፣ ደህና ነው። ፈተና እንዳለሽ ነገርኩት።»

«እሺ፣ እና?»

እናቷ ወደ መስኮቱ አየች። «ለፈተናው ስንት ቁጥር ነው የምትሄደው? አለኝ።»

ለአንድ አፍታ አባባ ተነሣ፤ ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩን ከጆሮው አርቆ ይዞ፣ እየጮኸ ሲጠይቅ ሰማችው። ጋሽ ይገዙ ተሳስተው ይሆናል። ሌላ ሕሩይ ይሆናል፣ ሕሩይ የሚባል ሰው ስንት አለ። ከዚያ እናቷ በቀዩ ሹራብ እጅጌ ዓይኗን ስትጠርግ አየቻት።

«ይሄ ፖለን» አለች ልደታ።

ትምህርት ቤቱ ከቤታቸው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። «በእግሯ ነው በይው» አለች ፌበን።

«እሺ፣ እለዋለሁ።»

ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። የሞተን ሰው እንዲህ አድርጎ ማናገር ይቻላል? ያውም በራሱ ቃል፣ በራሱ ጥያቄ። እናቷ የትም የማይገኘውን የአባባን የመጨረሻ ነገር አንሥታ ለውሸት የተጠቀመችበት መሰላት። እሱ እጅ ላይ ያደግኩት እኔ ነኝ፣ አለች በልቧ፤ የኔን ለቅሶ ማን ቀጠሮ ያዘው? ነገ ፊት ለፊት ልትነግራት ወሰነች። ፈተናው የራሱ ጉዳይ። ለጋሽ ይገዙ የገባችው ቃልም የራሱ ጉዳይ።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ልደታ ትልቁን የልብስ ከረጢት አንሥታ «ትቬትስቱጋ ሰዓት ይዣለሁ» ብላ ወጣች። ትቬትስቱጋ የሕንፃው ሰው ሁሉ በቀጠሮ የሚጠቀምበት ምድር ቤት ያለ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ፌበን ንግግሯን እያሰላሰለች መታጠቢያ ቤት ስትገባ የቆሻሻ ልብስ ቅርጫቱ አፉ ድረስ ሞልቶ አየችው። የራሷ የስፖርት ልብስ ከላይ ተጥሏል።

ታዲያ እናቷ የምታጥበው ምንድን ነው? በዚህ ሳምንት ትቬትስቱጋ ስትወርድ ይሄ አራተኛዋ ነው።

ደረጃውን ወረደች። ምድር ቤቱ የሳሙናና የእርጥብ ግድግዳ ሽታ አለው። የክፍሉ በር ላይ ትንሽ መስታወት አለ፤ ፌበን እጇን እጀታው ላይ አድርጋ በመስታወቱ ወደ ውስጥ አየች።

አንደኛው ማሽን ይሽከረከራል። ውስጡ ልብስ የለም፣ ባዶውን ነው። እናቷ ከማሽኑ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፣ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ። ቀዩ ሹራብ ልብስ ማጣጠፊያው ጠረጴዛ ላይ በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል። አፏ ተከፍቷል፣ ጉልበቷን በመዳፏ ትመታለች፣ ድምፅዋ ግን አይሰማም፤ ማሽኑ ውጦታል። ማሽኑ ሊቆም ዝግ ሲል ነጠላዋን አፏ ላይ ጥቅጥቅ አድርጋ ትንፋሿን ትይዛለች። መልሶ ሲጮህ ለቀቅ ታደርገዋለች። አካሄዱን ለምዳዋለች። የት ላይ ዝም ማለት እንዳለባት ታውቃለች። ከከንፈሯ ላይ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚነበበው፤ «አባዬ» የሚል።

ፌበን እጀታውን እንደያዘች ቆመች። ከማክሰኞ ጀምሮ ተሰረቅኩ ስትል የከረመችው ለቅሶ፣ እናቷም ጋ ቢሆን በሰዓት የተከራየ ነገር ነው። በሩን ብትከፍት ምን እንደሚሆን አወቀች። ልደታ ፊቷን ጠርጋ ትነሣለች፣ ሮጣ ታቅፋታለች፣ «አይዞሽ» ትላለች። የአባቷን ለቅሶ አቋርጣ የፌበን እናት ትሆናለች። እጀታውን ለቀቀችው። በዚህ ሳምንት የእናቷን ለቅሶ ያላቋረጠ ሰው የለም፤ እሷ አንድ ተጨማሪ መሆን አልፈለገችም።

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ አንድ የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤት፣ ረጅም ሽማግሌ ስዊድናዊ፣ ባዶ ቅርጫት ይዞ ወረደ። ማድረቂያው ውስጥ ካልሲዎቹን ረስቶ ነበር።

«ተይዟል» አለችው በስዊድንኛ።

«ካልሲ ብቻ ነው፣ አንድ ደቂቃ…»

«እናቴ ሥራ ላይ ናት» አለች፣ መንገዱ ላይ ቆማ። «ካልሲዎቹን እኔ በኋላ አመጣቸዋለሁ። በር ላይ አንጠለጥላቸዋለሁ።»

ሰውየው ወደ በሩ፣ ከዚያ ወደ እሷ አየ። ምን እንዳየ እንጃ፣ ራሱን ነቅንቆ ተመለሰ። ፌበን እንደገና ተቀመጠች። ለማልቀስ ሞከረች፣ አሁንም እምቢ አላት። ማሽኑ ሦስት ጊዜ ዝግ ብሎ፣ ሦስት ጊዜ ጮኾ እስኪቆም ድረስ ደረጃውን ጠበቀች፤ የእናቷን ጫማ ስትሰማ ቀድማ ወደ ላይ ሮጠች። ማታ ካልሲዎቹን አድርሳ ስትመለስ ልደታ «የት ሄደሽ ነው?» አለቻት። «ጎረቤት» አለች፣ ውሸት አልነበረም።

አርብ ፈተናውን ተፈተነች። ስሟን ጻፈች፤ ስሟን ስትጽፍ እጇ ትንሽ ቆየ፣ ግን ጻፈች። ሁለት ጥያቄ ሳትነካ ተወች፣ አንዱ ደግሞ መሀል ላይ ጠፋባት። ሌላውን የምትችለውን ያህል ሠራችው። ስትወጣ ጓደኞቿ መልስ እያነጻጸሩ ይጮኻሉ። አጥሩ ጥግ ላይ ጋሽ ይገዙ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«እንዴት ነበር?» አሉ።

«ያው፣ ያልፋል።»

ጎን ለጎን ተራመዱ። «ከማክሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም» አሉ ጋሽ ይገዙ። «ነገ መጥቼ አንዴ የነገርኩሽን ነገር እንዴት ብዬ ነው የምነግርሽ? እናትሽስ ፊት? በዚህ ዕድሜዬ ቲያትር ልሥራ? ዛሬ ማታ ሄጄ ጥፋቴን ልናዘዝ ነው ያሰብኩት። መርዶው ይቅር።»

«አይቅር» አለች ፌበን።

«አውቀሽው የለ?»

«አውቄዋለሁ እንጂ አልተነገረኝም። ፌርማታ ላይ እኮ ነው የሰማሁት፣ ጋሽ ይገዙ። ቆሜ፣ ከረጢት ይዤ።» የቦርሳዋን ማንገቻ አስተካከለች። «ለእማ ጠርታችሁ፣ አስቀምጣችሁ ነው የነገራችኋት። እኔንም እንደሷ ንገሩኝ። ወይዘሮ ሸዋሉልም ይምጡ።»

«ማስመሰል ይከብድሻል፣ ልጄ።»

«አላስመስልም። እስካሁን አላለቀስኩም እኮ።»

ጋሽ ይገዙ ቆም አሉ። ኮፍያቸውን አደረጉ፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቀስ ብለው ነቀነቁ። «ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንመጣለን» አሉ፤ እንደ ትልቅ ሰው ነበር ያናገሯት።

ቅዳሜ ፌበን ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ነቅታለች። በግንቦት እዚህ ፀሐይ አታስተኛም። አልጋዋን አንጥፋ፣ ጠቆር ያለ ሹራብና ሱሪ ለብሳ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ወጥ ቤት ውስጥ እናቷ ወንበር ስታነሣ ትሰማለች፣ እንዳይጎተት ተጠንቅቃ፣ አንድ በአንድ። ከዚያ በሩ በጣት ተንኳኳ። ደወሉን እንዳይነኩ ተነግሯቸዋል ማለት ነው። የወይዘሮ ሸዋሉል ሹክሹክታ መጣ፣ ቀጥሎ የጋሽ ይገዙ ሳል፣ ቀጥሎ ዝምታ።

አሁን ብትወጣ ይቻላል። ለብሳለች፣ ነቅታለች፣ ሁሉንም ታውቃለች። ሦስቱም ፊቷን አይተው ይገባቸዋል፤ ነገሩ በአንድ ደቂቃ ያልቃል።

ከመስኮቱ ሥር የጠዋቱ የመጀመሪያ አውቶቡስ አለፈ። ቁጥሩን ለማየት አልተጠጋችም፣ ታውቀዋለች።

የእናቷ እግር ኮሪደሩ ላይ ተሰማ። ፌበን ያነጠፈችውን ብርድ ልብስ ገልጣ ከነልብሷ ገባችበት፣ እስከ አገጯ ሳበችው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። አልጋው ጠርዝ ላይ ሰው ሲቀመጥ ተሰማት፤ ከምድር ቤቱ የመጣ የሳሙና ሽታ አለው። የእናቷ እጅ ትከሻዋ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች።